ጸበል ያስከፈተው ማሸጊያ

ከዳባት ተነስቶ እስከ መተማ ድንበር የሚወርድ ነጭ ሽንኩርት በመንገዱ ላይ ስንት ገመድ እንደሚጠብቀው ያኔ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ገመድ የምለው ከአንዱ የመንገድ ዳር ወደ ሌላው የተወጠረውን፣ መሐሉ ላይ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበትን የኬላ ገመድ ነው። ጫፉን የያዘው ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ገመዱን ለመጣል ምክንያት ይፈልጋል፤ ለመወጠር ግን አይፈልግም። መኪናው ይቆማል፣ ሸራው ይገለጣል፣ ጆንያ ይወርዳል፣ ይፈታል፣ እጅ ይገባበታል። ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ምን እንደሚፈለግ ዛሬም አላውቅም። የሚገኘው ሁልጊዜ ነጭ ሽንኩርት ነበር፤ የተገኘውም «ለናሙና» እየተባለ በፌስታል ይቀር ነበር። በዚያ መስመር ፈታሾች ቤት ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ተሠርቶ እንደማያውቅ እምላለሁ።

እኔ በዚያ ዘመን ዳባት አጠገብ ባለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው የቀረሁ፣ እንግሊዝኛ በመጠኑ የማነብ፣ የእጅ ጽሕፈቴ የሚያምር፣ በዚህም ከሚገባኝ በላይ የምኮራ ሰው ነበርኩ። ሚሌኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሦስት ቀን ስልጠና ጎንደር ተጠራሁ። የስልጠናው ርእስ በአንድ ትንፋሽ አይነበብም፦ «የድንበር ተሻጋሪ ንግድን በጉምሩክ ትብብር የማቀላጠፍና ወጪን የመቀነስ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ»። ስለ ማቀላጠፍ ሊያስተምረን የመጣው ሰው ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ጋር ለማገናኘት ግማሽ ቀን ፈጀ። ወጪ ስለ መቀነስ የተማርነው ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ ኬክ እየበላን ነው።

ነገሩን ግን ከልቤ ወደድኩት። ጭነቱ የሚፈተሸው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እዚያው ሲጫን ነው። አንድ ወረቀት ይጻፍለታል፤ ሸራው በባለ ቁጥር ማሸጊያ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ያለ ፈታሽ ሁሉ ሥራው ቁጥሩን ከወረቀቱ አስተያይቶ ገመዱን መጣል ብቻ ነው። ሱዳኖቹ የእኛን ማሸጊያ እንደ ራሳቸው ሊያከብሩ፣ እኛም የእነሱን ልናከብር ተስማምተናል ተባለ። በሁለቱ አገር መካከል ያንን ማሸጊያ የሚከፍት እጅ የለም። ይህን ስሰማ ያ ሁሉ በፌስታል የቀረ ሽንኩርት ፊቴ ድቅን አለ፤ አጨበጨብኩ። አዳራሹ ውስጥ ሳይነገረው ያጨበጨበ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ኮፍያና ቦርሳ ተሸልሜ ተመለስኩና ሰባኪ ሆንኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ ሲቀመጥ እኔ እቆማለሁ። ማሸጊያው ከተዘጋ ንጉሥም አይከፍተውም እላለሁ። የማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ገበሬ፣ አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ ጠየቁ።

«እንግዲያ ፈታሾቹ ምን ሊበሉ ነው?»

«ደመወዝ አላቸው።»

«ደመወዝማ ድሮስ መች አጡ» አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

ያልሳቀችው እኅቴ ብቻ ናት። ታላቄ ናት። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ በዚያው ከቀረ ቆይቷል፤ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ቤቷ ከዳባት ወደ ስሜን በሚወጣው ተረተር ላይ፣ ነፋስ የማያጣው ቦታ ነው። የሳር ክዳኑ በስብሶ ክረምት በመጣ ቁጥር ድስትና ጎድጓዳ ሳህን እየደረደረች የምታድርበት ቤት ነበር። በዚያ ዓመት የወንዝ ዳር መሬቷን በመስኖ ነጭ ሽንኩርት ሸፈነችው። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ክረምት ሳይገባ ቤቷን ቆርቆሮ ማልበስ።

«ወንድምዓለም፣ እውን በአምስት ቀን ደርሶ ይሸጣል?» አለችኝ።

«በሦስት ቀን፣ እታለም። አምስት ያልኩሽ ለጥንቃቄ ነው።»

በሳምንቱ ሄጄ ሳይ ቤቷ ክዳን የለውም። ጎረቤት በደቦ ጠርታ ሳሩን አስወርዳዋለች፤ የበሰበሰውን ከብቶቹ መኝታ ላይ ነስንሳዋለች። ግድግዳውና ወራጁ ብቻ ቆሟል። «ቆርቆሮው ሲመጣ ክዳን ሳስወርድ ቀን አይባክን ብዬ ነው» አለችኝ። ጊዜው ሚያዝያ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ያን ጊዜ መቆጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አምኖኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የጫንን ዕለት የጉምሩክ ፈታሹ ከነቦርሳው መጣ። ጆንያ ተመዘነ፣ ተፈታ፣ ታየ፣ ተሰፋ። «አንዱ ወረቀት» የተባለው በአራት ቅጂ ተሞላ፤ አራቱም የየራሳቸው አባሪ ነበራቸው። ሾፌሩ የአዲ አርቃይ ሰው ነው። ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ለእኛ ሲጭን የመጀመሪያው ነው። ሸራውን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ አሰረው፤ እንዲህ ለሰው ዕቃ የሚጨነቅ ሾፌር አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ፈታሹ ማሸጊያውን አወጣ። ስንት የተወራለት ነገር አንዲት ጠባብ ቢጫ የፕላስቲክ ቀበቶ ሆና ተገኘች። የገመዱን ሁለት ጫፍ አገናኝቶ ሲጎትታት በጥርሷ ጠቅ፣ ጠቅ እያለች ገባች፤ ወደ ኋላ አትመለስም። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፣ እኔ ጻፍኩ። ከዚያ እሱና ሾፌሩ ምሳ ሊበሉ ወደ ከተማ ወጡ።

እነሱ ከዓይን ሲርቁ ቄሱ መጡ።

በእኛ አጥቢያ የዓመቱ የመጀመሪያ ምርት ጸበል ሳይረጭ ከአገር አይወጣም። ቄሱ፣ የእኔም የእኅቴም የንስሐ አባት፣ በጠዋት ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸው። ከገደሉ ማዶ ቀብር ገጥሟቸው ቆዩ፤ አሁን ጸበሉን በትንሽ ጀሪካን አንጠልጥለው፣ እያለከለኩ ደረሱ።

«ለምን ዘጋችሁት?» አሉ።

«አባ፣ መንግሥት ነው የዘጋው» አልኳቸው።

«ሳይባረክ?»

«ከላይ ይርጩት፣ አባ። ሸራው ላይ።»

ሊቀመንበሩ ጣልቃ ገቡ። «ሸራውን ነው እንዴ የምንሸጥ?»

ሳቁ ካባራ በኋላ ስለ ማሸጊያው የማውቀውን ሁሉ እንደገና ሰበክሁ። ሁለት አገር የተስማማበት መሆኑን፣ የሚከፍተው እጅ እንደሌለ፣ ሁሉንም። እኅቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሰማችኝና፣ «እኔ ሳይባረክ ከሚሄድ ቢቀር ይሻለኛል፤ ቤቴ እኮ ያለ ክዳን ይህንን ጭነት ነው የሚጠብቅ» አለች። ለእሷ ስል እንኳ ላልከፍተው እችል ነበር። ያስከፈተኝ የሊቀመንበሩ ቃል ነው። ወደ ሰዉ ዞር ብለው፣ እኔ እንድሰማ አድርገው፣ «ተውት፣ አያስቸግሩት። እሱም አይችለው ኖሯል» አሉ።

አይችለው ኖሯል! ወስፌ አምጡልኝ አልኩ። ከጎረቤት አንዲት ሴት ሰፌድ የምትሰፋበትን ወስፌ አመጣች። ጫፉን ከማሸጊያው ጥርስ ሥር አስገብቼ ቀና ባደርገው ጊዜ ቀበቶዋ አንድ ጥርስ ተመለሰች። ሌላም ተመለሰች። ሁለት መንግሥት የተማመነባትን ነገር ለመክፈት እንጀራ ተቆርሶ የሚበላበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀብኝም። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄሱ ጎማው ላይ ወጥተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ የጀሪካኑን እኩሌታ ጆንያዎቹ ላይ አፈሰሱት። እኔ ቀበቶዋን መልሼ ጎተትኳት፤ ጠቅ ጠቅ ብላ ገባች። ፀጉር የምታህል ነጭ ጭረት ቀረች። በምራቄ አሸሁና፣ ማን ያየዋል አልኩ።

ፈታሹና ሾፌሩ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ተመለሱ። ፈታሹ ማሸጊያዋን ጎተት አድርጎ አያትና ራሱን ነቀነቀ። የአጥቢያው ሰው ሁሉ ቆሟል፣ አንድም የተነፈሰ የለም። ዝም በሉ ያለ ሰው አልነበረም፤ የእኛ ሰው ሹም ፊት ዝም ማለትን ሳይነገረው ያውቅበታል። ሾፌሩ ልጆቹን በጥሩምባ አሳስቆ ሄደ።

መንገዱ ላይ የሆነውን ያላየ አያምንም። ሾፌሩ ከየኬላው ይደውልልኝ ነበር። «ጸሐፊ፣ ይሄም ገመድ ወደቀ!» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ እየሮጥኩ ለሰው አወራለሁ። ያን ስንት ዘመን ተወጥሮ የኖረ ገመድ ሁሉ አንዲት ቢጫ ቀበቶ አስጣለችው። እኔ የትብብሩ ሥራ ነው አልኩ። ሰዉ የጸበሉ ሥራ ነው አለ። በዚህ ስንከራከር ሁለት ቀን በደስታ አለፈ።

መኪናው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ድንበር ደረሰ። የሁለቱ አገር ሹማምንት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አብረው እንዲያዩ ነው ስምምነቱ። የእኛው ሰው ቁጥሩን አስተያይቶ «ልክ ነው» አለ። የማዶው ሹም ግን በጥፍሩ ዳበሳት፤ ጭረቷ ላይ ሲደርስ ጥፍሩ ያዘው። አሳየው። ተያዩ። ከዚያ በፊት በምንም ነገር ተስማምተው እንደማያውቁ ሾፌሩ ነግሮኛል፤ ያን ቀን ግን ወዲያው ተስማሙ። ተከፍቷል፣ መኪናው ይቁም።

አርብ ማዶኞቹ አይሠሩም። ቅዳሜ የእኛዎቹ ግማሽ ቀን ናቸው፣ ግማሹን ቀን ደግሞ ማዶኞቹን ሲጠብቁ ዋሉ። እሑድ እሑድ ነው። ሰኞ የሠራተኞች ቀን ነበርና ሠራተኛ አልነበረም። መተማ በሚያዝያ መጨረሻ እንዴት እንደሚያቃጥል ደጋ የኖረ ሰው በወሬም አይገባውም። ሾፌሩ ሰሌን በገዛ ኪሱ ገዝቶ ሸራውን አለበሰው፤ በየሰዓቱ ከመኪናው ሥር ያለውን መሬት ውሃ ያጠጣል። አድሮ ሲደውልልኝ ድምፁ ወርዷል።

«ጸሐፊ፣ ሽታው ተለውጧል» አለኝ።

በመካከሉ፣ በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ አገር በስሜን በኩል ደመና ቆመ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነበር። በማግሥቱ እኅቴ ዘንድ ስወጣ ወራጁ ላይ የወጠረችው ላስቲክ በረዶው በሳስቶት ተንጠልጥሏል፤ የግድግዳው ጭቃ ከላይ እየሟሟ ወርዷል። እህሏን ጎረቤት አስገብታለች። ትንሿ ልጅ ስትስል አደረች። እኅቴ በጣሳ ከወለሉ ውሃ እየቀዳች ወደ ውጭ ትደፋለች። ስታየኝ ቀና አለች።

«መቼ ነው የሚያልፍ?» ብቻ ነው ያለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ከድንበር ተደወለ። የደወለልኝ ሠራተኛ ጨዋ ነበር፤ ሕጉን ቀስ ብሎ አነበበልኝ። ማሸጊያውን የከፈተው ላኪው ከሆነ ጭነቱ ይወረሳል፣ ማኅበሩም ከዚያ ወዲያ ወደ ውጭ አይልክም። የከፈተው አጓጓዡ ከሆነ ጭነቱ እንደገና ተፈትሾ ይለቀቃል፤ ጉዳዩ ከሾፌሩ ጋር ይሆናል። ማብራሪያ በማኅተም ይላክ። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ «ላኪ» እና «አጓጓዥ»። ለጸበል የሚሆን ሳጥን አልተዘጋጀም።

ብዕር አነሣሁ። ያንን ደብዳቤ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። «ጭነቱ ከግቢያችን የወጣው ማሸጊያው ተዘግቶ፣ በፈታሹ ታይቶና ተረጋግጦ ነው። ከዚያ በኋላ ለሆነው ሁሉ ኃላፊው አሽከርካሪው ነው።» የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ፈታሹ ጎተት አድርጎ አይቶታል። ሁለተኛውም ሕጉ እንደሚለው ነው። እውነትን ሳይነኩ ሰው መቅበር እንደሚቻል ያወቅሁት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። በጽሕፈቴ ውበት እንኳ ትንሽ ተደስቻለሁ።

ሊቀመንበሩ ሳያነቡ ማኅተሙን አሳረፉበት፤ እኔ የጻፍኩትን አንብበው አያውቁም። ደባርቅ ወጥቼ በፋክስ ልልከው ስል ቄሱ መንገድ ላይ አገኙኝ።

«ልጄ፣ እንደሆነው ጻፍከው?»

«እንደሆነው ጻፍኩት፣ አባ።»

«ጥፋቱ የእኔም ነውና ስሜን ጨምር» አሉኝ። «ጨምሬያለሁ» ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ አለፍኩ።

ረቡዕ ጭነቱ ሜዳ ላይ ተዘረገፈ፣ የበሰበሰው ተጣለ፣ የቀረው ተሻገረ። ከጠበቅነው አነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። እኅቴ ቆርቆሮዋን ገዛች። ግንቦት ሳያልቅ ቤቷ ለበሰ፤ ልጆቿን ይዛ ገባች። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድበት አብሬያት ተቀምጬ ነበር። ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል፣ ጮክ ብለን ነው የምናወራው። እሷ ጣሪያውን እያየች ትስቃለች። «በጸበሉና ባንተ!» ብላ ጮኸችልኝ።

ስለ ትብብሩ ግን ያኔ የተማርኩት ይበልጣል። በስልጠናው ላይ «የመረጃ ልውውጥ» የሚል ነገር ነበረ፤ ሲደረድሩልን እንቅልፍ ወስዶን ነበር። ሥራ ላይ ሲውል አየሁት። የሾፌሩ ስምና የመኪናው ታርጋ በሁለቱም አገር መዝገብ ገባ። ነጭ ሽንኩርት ድንበር ላይ ስድስት ቀን የቆመበትን መንገድ ያ ስም በሁለት ቀን ጨረሰው። አልተፈተሸም፣ ቀረጥ አልተጠየቀበትም፣ ናሙና አልተቆነጠረለትም። ከመተማ እስከ አዲ አርቃይ ያለ ገመድ ሁሉ ወደቀለት። የመኪናው ባለቤት ቁልፉን ተቀበለው፤ ሌላም የሚያስነዳው ጠፋ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከራሱ ከሾፌሩ አፍ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ኮቱ ርሶ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ከአዲ አርቃይ በአውቶቡስ መጥቶ ከመንገዱ በእግሩ ነው የወጣ። ሲያየኝ ፈገግ አለ። እኔ ሊመታኝ የመጣ መስሎኝ ጠረጴዛውን ያዝኩ።

«ጸሐፊ፣ ሰው ስጠይቅ ጽሕፈቱ የሚያምር አንተ ነህ አሉኝ» አለ። «ስሜ እንዲሰረዝልኝ ማመልከቻ ጻፍልኝ።»

ተቀመጥ አልኩት። ወረቀት አወጣሁ። ማን እንደጻፈበት አልጠየቀም፤ ቢሮ ነው የሚጽፍ መስሎታል፣ ሰው አልመሰለውም። ምን ብዬ እንድጽፍ ግን ያውቃል፣ ሲያስብበት ከርሟል።

«መንገድ ላይ ሻይ ልጠጣ ወርጄ ነበር» አለኝ። «ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ ግን ዓይኔን አንስቻለሁ። ያኔ ነው የከፈቱት። ሌላ ጊዜ የለም፣ አስቤ አስቤ ያገኘሁት ያንን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው በል፤ ሌባ ግን አይደለሁም በል።»

ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ቀና ብዬ አየሁት፤ በመስኮቱ ዝናቡን እያየ ነው። ጻፍኩት። ስጨርስ እንዳነብለት ለመነኝና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከሥሩ ፈረመ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ወረቀቱን አጣጥፎ ደረቱ ውስጥ እየከተተ። «እኔን ሆነህ ነው የጻፍኸው።»

እስከ መንገዱ ሸኘሁት። አውቶቡሱ እስኪመጣ አጠገቡ ቆምኩ። ብዙ ቆየ፣ ልነግረው የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። አልነገርኩትም።